ያልተገለጠው ደብተር

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በአገራችን ደጃፎች የእንቁጣጣሽ ችቦ በሚበራበት በዚያ ምሽት፣ በሮምም ወታደሮች ችቦ ይዘው የጥንቱን የአፒያ ጎዳና ያበሩ ነበር። በዚያ ብርሃን መካከል የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ሞሮኳዊው ራዲ ሁለተኛ የገባው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው።

ይህን ድል እንደ ተአምር መተረክ ለምዶብናል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የመዛኞቹ ዓይን ነው። ማስረጃው አስቀድሞ ነበርና። ከሮም ጥቂት ሳምንታት በፊት አበበ በአዲስ አበባ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጧል። ይህም ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው፤ ያውም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች፣ አየሯ በሳሳ ከተማ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ልጁን ያውቀዋል። በአገር ቤት ግን የገነነው ስም የዋሚ ቢራቱ ነበር፤ የውጭው ዓለምም ከኢትዮጵያ አሸናፊ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ቁጥሩ እያለ፣ የሚታየው ስም ሆነ።

ይህ ስሕተት ገንዘብና ባለሙያ በሞላበትም ይደርሳል። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ክለቦች በየዓመቱ ጀማሪ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) ሂዩስተን ሃኪም ኦላጁዋንን አስቀደመ፤ አልተሳሳተም። ሁለተኛው ፖርትላንድ ሳም ቦዊን መረጠ፤ ማይክል ጆርዳን ለሦስተኛው ለቺካጎ ቀረ። ቦዊ ገና ኮሌጅ ሳለ በእግሩ ጉዳት ሁለት የውድድር ዘመን ሳይጫወት ቀርቷል። ፖርትላንድ ግን በጆርዳን ቦታ ክላይድ ድሬክስለር ስለ ነበረው፣ የጎደለው ረጅም የመሐል ተጫዋች ነው አለ። ወጣቶቹን ሳይሆን የራሱን ጉድለት መዘነ። ጆርዳን በቺካጎ ስድስት ጊዜ ዋንጫ አነሣ።

አንባቢዬ፣ እነዚህን መዛኞች ስወቅስ ራሴን ነጻ ማውጣት አልችልም። እኔ በመራዊ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን አንድ ወጣት በቆጋ መስኖ ሽንኩርት ለማልማት ብድር ፈልጎ መጣ። የሦስት ዓመት ወጪውንና ገቢውን፣ የከሰረበትን ወቅት ሳይቀር፣ በደብተር ጽፎ ይዟል። እኔ የጠየቅሁት የቤት ካርታ ነበር። አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ደብተሩን እኮ አላዩትም» አለኝ ሲወጣ።

እውነቱን ነው፤ አላየሁትም። ማስያዣ የሚጠይቀውን ደንብ የጻፍሁት እኔ አይደለሁም። ደብተሩን እንዳልገልጥ የሚከለክል ደንብ ግን አልነበረም።