ብረት ጀልባ የተሰበረበት፣ ካያክ ያለፈበት ወንዝ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ወርዷል። በመሐል ያለውን መንገድ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ብንይዘው፣ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን አማካይ ቁጥር ያታልላል። ወንዙ አንዳንድ ቦታ ተኝቶ ይሄዳል፣ ሌላ ቦታ ጠባብ ገደል ውስጥ ገብቶ ያብዳል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ በአንዴ ይዘላል።

ለጎጃም፣ ለወሎና ለሸዋ ሰው ዓባይ ከጥንት ጀምሮ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ስለዚህ የአካባቢው እውቀት ያለው መልካው ላይ ነው፦ የቱ ጋ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ጥልቀት። ሰባራ ድልድይ ላይ ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። የጣናው የደንገል ታንኳም ለሐይቅ የተሠራ ነው፤ ፏፏቴ ለመውረድ ማንም አላሰበውም። ወንዙን በርዝመቱ ልውረደው የሚል ሐሳብ ይዘው የመጡት የውጭ ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1903 ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም የብረት ጀልባዎች ይዞ መጣ። ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ ተሰባበሩ፤ ጉዞውም እዚያው አበቃ። ብረት ጠንካራ አይደለም እንዴ? ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው። ከባድ ነገር አንዴ ከተንቀሳቀሰ አቅጣጫውን ማስቀየር ያስቸግራል፤ ስለዚህ ድንጋዩን እያያችሁት ትጋጫላችሁ። ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ውሃው ይገፋዋል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ጀልባ ማለት ለዚህ ግፊት የተሰጠ ትልቅ ግድግዳ ማለት ነው።

መፍትሔው ያለው ከበረዷማው የአርክቲክ ምድር ነበር። የኢኑዊት አዳኞች ከእንጨት አጽምና ከአቆስጣ ቆዳ የሠሩት ካያክ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ከላይ የተዘጋ ስለሆነ ማዕበል ቢያልፍበትም አይሞላም። ቢገለበጥ እንኳ ቀዛፊው ሳይወጣ፣ በመቅዘፊያውና በወገቡ እንቅስቃሴ ተመልሶ ይቀናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቆዳው በሸራ፣ ከዚያ በፋይበርግላስ፣ በኋላም በፕላስቲክ ተተካ። ቅርጹ ግን ያው የአዳኞቹ ነው።

በ1965 ስዊድናዊው አርነ ሩቢን፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ካለው የዓባይ በረሃ ድልድይ ተነስቶ በትንሽ ታንኳ ሱዳን ድንበር ደረሰ። በ1968 ደግሞ ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው ትልቅ የእንግሊዝ ጦር ጉዞ፣ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ወረደ። ለኃይለኛው ውሃ በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ተጠቀሙ፤ ጎማ ሲጋጭ ይታጠፋልና አይሰበርም። ሆኖም አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ፤ ሽፍቶችም ተኩሰውባቸዋል። በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል የሕክምና ተማሪ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በካያክ መጣ። ያ ሁሉ ሠራዊት የደከመበትን የላይኛውን ገደል በእጅ የሚቀዘፉ ትንንሽ ጀልባዎች ደፈሩት። ጆንስ ከስድስት ዓመት በኋላ ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ ወንዝ ላይ ሞተ። ቀላል ጀልባ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ከግሽ ዓባይ እስከ ሜዲትራኒያን ያለውን ሙሉ መንገድ በመጀመሪያ የጨረሱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ናቸው። አንዱ በጎማ ጀልባ፣ ሌላው በካያክ፣ 114 ቀን ፈጅቶባቸው ሚያዝያ 2004 ላይ እስክንድርያ ደረሱ።

ዛሬ ያንኑ መንገድ መድገም አይቻልም። ሩቢን የቀዘፈበት የታችኛው ክፍል አሁን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ተኝቶበታል። ላይ ደግሞ የጢስ ዓባይ ውሃ ከፊሉ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሄዳል። መብራት ያስፈልገናል፤ ይሄ አያከራክርም። ግን የቀድሞውን ወንዝ በቃላትም በመለኪያም ሳንመዘግብ ብንቀር፣ የወረዱት ሰዎች ማስታወሻ ብቻውን ይቀራል፤ የመልካ አሻጋሪዎቹ እውቀት ደግሞ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። አያት ወይም ዘመድ ያላችሁ ዓባይ ዳር ከሆነ፣ የትኛው መልካ በየትኛው ወር ይሻገሩ እንደነበር ጠይቁና ጻፉት።

ወንዝ አጠገብ ስትደርሱም ዳር ቆማችሁ ውሃውን አንብቡት። የውሃው ገጽ ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለ ቅርጽ ታያላችሁ። ጫፉ ወደ ታች፣ ወደሚፈስበት ካመለከተ፣ በሁለት ድንጋዮች መሐል ያለ መተላለፊያ ነው። ወደ ላይ ካመለከተ ግን ከሥሩ የተደበቀ ድንጋይ አለ። ካያክ ቀዛፊ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው።