ባሕር የተፋው መረብ

አንድ ዕቃ «ቆሻሻ» የሚለውን ስም የሚያገኘው ባለቤቱ በቃኝ ብሎ ሲጥለው ነው። የጣለው ሰው ይገላገላል፤ ዕቃው ግን የትም አይጠፋም፤ ካንዱ ደጅ ተነሥቶ ሌላው ደጅ ያርፋል። ስለዚህ የጥራጊን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ ግድ ይለዋል፤ ማን ጣለው? ማን ደጅ ላይስ አረፈ? ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም «ያረፈበት ሰው ምን አደረገው?» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ይህች አጭር ጽሑፍ የምታተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱንም ግን ልትለቃቸው አትፈልግም።

ቦታው ሩቅ ነው። በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍና በኒው ጊኒ መካከል የቶሬስ ወሽመጥ የሚባል ጠባብ ባሕር አለ። በውስጡ ብዙ ደሴቶች ተበትነዋል፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ካሉት አንዷ ኤሩብ ትባላለች፤ እንግሊዞች ዳርንሊ የሚል ስም ሰጥተዋታል። እሳተ ገሞራ የፈጠራት ትንሽ ደሴት ናት፤ ነዋሪዎቿም ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ከጎረቤቷ ከሜር ደሴት ጋር የምትጋራው ጥንታዊ ቋንቋ ሜሪያም ሚር ይባላል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሰዎች ከባሕር የመጣን ባዕድ ዕቃ የራሳቸው ማድረግ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፍሊንደርስ የተባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1802 በሜር በኩል ሲያልፍ፣ ሰዎቹ ኮኮናትና ሙዝ ይዘው በታንኳ ቀርበው አጥብቀው የጠየቁት ብረት ነበር። ብረት በደሴቶቹ አይገኝም፤ ጥቅሙን ግን ያውቁት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ መርከቡ ለእነሱ እንግዳ ቢሆንም፣ መርከቡ የያዘውን ነገር ምን እንደሚያደርጉበት አስቀድመው አስበውበታል።

የእጃቸው ሥራ ግን ከሁሉ በላይ የሚታየው በጭምብሎቻቸው ነው። የቶሬስ ወሽመጥ ጥበበኞች የባሕር ኤሊ ቅርፊት በእሳት አሙቀው ያጎብጡታል፤ ሰሌዳዎቹን በቃጫ እየሰፉ የሰው ፊት፣ የአዞና የዓሣ ቅርጽ ያወጡበታል፤ ላባ፣ ዛጎልና ጠጉር ይጨምሩበታል። ከኤሊ ቅርፊት ጭምብል መሥራት በሌላው ዓለም እምብዛም የማይገኝ ጥበብ ነው። የነጋዴ መርከቦች መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ደግሞ የቆርቆሮ ቁራጭ የተሰፋባቸው ጭምብሎች ብቅ አሉ። ቆርቆሮው የመጣው ከውጭ ነው፤ ስፌቱ ግን ያው የጥንቱ ስፌት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ቀላል አልነበረም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ዕንቁ ዛጎል የሚያወጡ ኩባንያዎች ባሕሩን ወረሩት። በ1871 ሐምሌ 1 ቀን የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ሰዎች ኤሩብ ላይ ወረዱ፤ የደሴት ሰዎች ይህን ቀን እስከ ዛሬ «የብርሃን መምጣት» እያሉ ያከብሩታል። በ1879 የኩዊንስላንድ ቅኝ ግዛት ኤሩብንና ሜርን ጨምሮ የቀሩትን ደሴቶች ወደ ራሱ ቀላቀለ። አሮጌው ሥርዓት ሲነቀፍ ጭምብሎቹም አብረው ተነቀፉ፤ አንዳንዱ ጠፋ፣ አንዳንዱ በገዢና በሰብሳቢ እጅ ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች ተጓዘ።

ሃዶን የተባለው የካምብሪጅ ምሁር በ1888 ደሴቶቹን ጎብኝቶ ነበርና በ1898 የምርምር ጓድ ይዞ ተመለሰ። በሜር የማሎና የቦማይ ሥርዓት ጭፈራ ሲደረግ ማየትና በሲኒማ ካሜራ መቅረጽ ፈለገ። ታዲያ በምን ጭምብል ይጨፈር? የጥንቶቹ የሉም። ሰዎቹ ምሁሩ ባቀረበላቸው ካርቶን ጭምብሎቹን ከትዝታቸው አውጥተው እንደገና ሠሯቸው፤ ለብሰውም ጨፈሩ። ፊልሙ ዛሬም አለ። አንድ ሰው «ካርቶን እኮ ነው፤ እውነተኛው አይደለም» ሊል ይችላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ቅርጹን፣ ልኩንና ጭፈራውን በልቡ የያዘ ሰው ከሠራው፣ እውነተኛነቱ ከቅርፊቱ ነው ወይስ ከሠሪው?

አሁን ወደ መረቡ እንምጣ።

ናይለን ለዓለም የተነገረው በ1938 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓሣ መረብ ከጥጥና ከቃጫ ወደ ናይለንና ወደ ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ተሸጋገረ። ለአሣ አጥማጁ ትልቅ በረከት ነበር፤ ክሩ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይበሰብስም። መከራውም የመጣው ከዚሁ ከ«አይበሰብስም» ነው። የጥጥ መረብ ባሕር ውስጥ ቢቀር ከጊዜ በኋላ ይሞታል፤ የናይለን መረብ ግን አይሞትም። ባለቤት ሳይኖረው፣ ጎታች ሳይኖረው፣ እየተንሳፈፈ ያጠምዳል። ዓሣ ይይዛል፤ ዓሣውን ሊበላ የመጣውን ይይዛል፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ያለበትን የባሕር ኤሊ ጠፍንጎ ያፍነዋል። በእንግሊዝኛ «የሙት መንፈስ መረብ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከቶሬስ ወሽመጥ በስተ ምዕራብ የካርፔንታሪያ ሰላጤ አለ። በዚያ የክረምቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስና የባሕሩ ዙሪያ ጅረት ተባብረው ከአራፉራ ባሕርና ከአካባቢው የተጣለውን መረብ እየነዱ ወደ ነባር ሕዝቦች ጠረፍ ያመጡታል። አብዛኛው መረብ ከአውስትራሊያ ጀልባዎች የወጣ አይደለም። ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት ከዚያ ጠረፍ የተሰበሰቡ 8,690 መረቦችን መርምረው፣ እነዚህ ብቻ ከ4,866 እስከ 14,600 የሚደርሱ ኤሊዎችን ሳይዙ እንዳልቀሩ ገምተዋል። ይህ እንግዲህ የአንድ ሰላጤ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ይታየኛል። ኤሩብ ላይ «ሳይ» የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ወጥመድ አለ። ዳርቻው ላይ ድንጋይ እንደ አጥር ተካቦ ይቆማል፤ ባሕሩ ሲሞላ ዓሣው በአጥሩ ላይ ይገባል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ከውስጥ ይቀራል። ሰው ሄዶ የሚፈልገውን ያነሣል። ሳይም መረብም ወጥመድ ናቸው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሳይ ባለቤት አለው። የማን ቤተ ሰብ እንደሠራው፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ማን እንደሚያጠምድበት ይታወቃል። የሙት መንፈሱ መረብ ግን ሲያጠምድ ማንም አይጠየቅበትም። ጥፋቱ ከብረቱና ከክሩ ሳይሆን ከባለቤት ማጣት ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተነሡት ሰብሳቢዎች ናቸው። በአርንሄም ምድር የዮልንጉ ሕዝብ በ1992 ዲሙሩ የተባለ ድርጅት አቁሞ መሬቱንና ጠረፉን በራሱ ጠባቂዎች መጠበቅ ጀመረ፤ ከሥራቸው አንዱ መረብ እየጎተቱ ኤሊ ማስፈታት ነበር። በ2004 ደግሞ የሰላጤውን ዙሪያ ማኅበረሰቦች የሚያያይዝ «ጎስትኔትስ አውስትራሊያ» የተባለ ኅብረት ተመሠረተ። መረቡ በየጠረፉ ተቆለለ። ከዚያስ? ቢቀበር አይበሰብስ፤ ቢቃጠል ጭሱ መርዝ። ወደ ከተማ እንዳይጫን መንገዱ ረጅም ነው። ስለዚህ «ለምን አይሠራበትም?» የሚለው ሐሳብ መጣ፤ በ2009 በኬፕ ዮርክ ምዕራብ ጠረፍ በአውሩኩን መንደር የመረብ ጥበብ ሥልጠና ተደረገ። ቅርጫትና ከረጢት ከሣርና ከቃጫ ሲሠሩ የኖሩ ሴቶች ናይለኑን ሲይዙት ለጣታቸው እንግዳ አልሆነም።

ኤሩብ የገባው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ የኤሩብ የጥበብ ማዕከል አባላት፣ እነ ኤላሮዝ ሳቬጅ፣ ፍሎረንስ ገቸን፣ ጂሚ ኬኒ ታይዴይና ሌሎችም፣ ሌኔት ግሪፊትስና ማሪዮን ጌመርስ ከተባሉ ከደሴቱ ተወላጅ ካልሆኑ ሁለት ጥበበኞች ጋር አብረው ሲሠሩ ቆይተዋል። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። መረቡ ይታጠባል፤ ቋጠሮው ይፈታል፤ አረንጓዴው ካረንጓዴ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ ይለያል። ከሽቦ አጽም ይሠራል፤ መረቡ እንደ ቆዳ ይለብሰዋል፤ ከዚያ በዚያው በመረቡ ክር ይሰፋል። የሚወጣው ኤሊ ነው፣ ዓሣ ነው፣ የባሕር ወፍ ነው። መረቡ የገደለውን እንስሳ ከገዳዩ ክር መልሰው ያቆሙታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን እኛ፤ እነሱ ያበረውን ድር ፈትተው የታሰረውን አወጡበት።

በኬፕ ዮርክ የሚገኘው የፖርምፑራው መንደር ጥበበኞችም በዚሁ መረብ አዞና ልዩ ልዩ ዓሣ ይሠራሉ። እንስሶቹ ለማማር ብቻ የተመረጡ አይደሉም፤ ከየጎሣው ጋር የዘር ዝምድና ያላቸው ናቸው። በ2016 የኤሩብና የፖርምፑራው ሥራዎች በሞናኮ የባሕር ሙዚየም ታዩ። በ2017 የኤሩብ ሰዎች ሥራ በሲንጋፖር የእስያ ሥልጣኔዎች ሙዚየም «አው ካሬም ኢራ ላማር ሉ» በሚል ርእስ ቀረበ። ትርጉሙ «የጥልቁ ባሕር የሙት መንፈስ ነገሮች» እንደ ማለት ነው።

ይህች «ላማር» የምትባል ቃል ታሪክ አላት። በሜሪያም ሚር የሙት መንፈስ ማለት ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጮቹ በመርከብ ሲመጡ፣ የምሥራቅ ደሴት ሰዎች እነሱንም «ላማር» አሏቸው፤ ገርጥተው፣ ከማይታወቅ ቦታ፣ በባሕር መጥተዋልና። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ቃል በመረቡ ላይ ተቀመጠ። መረቡም ከማይታወቅ ቦታ በባሕር መጥቶ ኑሮን ያመሰ እንግዳ ነው። ቃሉ የቂም ነው ወይስ የቀልድ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ትውስታ መሆኑ ግን አያከራክርም።

አሁን ክርክሩ ላይ ደረስን። ሁለት ዓይነት ሰዎች ይህን ጥበብ አሳንሰው ያዩታል።

አንደኞቹ «ባህላዊ አይደለም» የሚሉት ናቸው። ለእነሱ ባህል ማለት በ1871 ላይ የቆመ ሰዓት ነው። መልሱን ግን ከላይ አይተነዋል። ከቅርፊት ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ካርቶን፣ አሁን ደግሞ ወደ ናይለን የተሸጋገረ እጅ አንድ እጅ ነው። ባሕሩ ያመጣውን አንሥቶ የራሱን እንስሳ፣ የራሱን አያት መሥራት ራሱ ባህላቸው ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ሁለተኞቹ ይበልጥ አደገኞች ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያሳንሱት እያሞገሱ ነው። «እንዴት ደስ ይላል! ቆሻሻውን ወደ ውበት ለወጡት!» ይላሉ። ይበሉ፤ ውበቱ አይካድም። ነገር ግን ይህ ውዳሴ ሲያበቃ «ማን ጣለው?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ያበቃል። ሰው ሠራሽ መረብን ጨምሮ ፕላስቲክን ከመርከብ ወደ ባሕር መጣል የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ1988 መጨረሻ ነው። ሕጉ አለ፤ መረቡም ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ጣዮቹም ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ መረብ ዋጋ ያወጣል፣ ማንም በደስታ አይጥለውም። ከአራፉራ ባሕር አጥማጆች በተሰበሰበ ቃል መሠረት መረብ በብዛት የሚጠፋው ከሥር አለትና ግንድ ሲይዘው፣ ወይም በተጨናነቀ ባሕር የሌላ ጀልባ መሣሪያ ሲቆርጠው ነው። ባሕሩ ከሚችለው በላይ ጀልባ ስለተለቀቀበት ነው ማለት ነው። እንግዲህ ተጠያቂው ሲፈለግ ድሃውን አጥማጅ ብቻ ይዞ መቅረት አይበቃም፤ ዓሣውን ወደሚገዛው ገበያና ጀልባውን ወደሚፈቅደው መንግሥትም መሄድ ያስፈልጋል።

ለደሴቶቹ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከባለቤትነት ጋር ይያያዛል። በ1992 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ የሜር መሬት የሜሪያም ሕዝብ መሆኑን አወቀ፤ ጉዳዩን የመራው ኤዲ ማቦ ፍርዱን ሳይሰማ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቶ ነበር። በ2013 ያው ፍርድ ቤት የቶሬስ ወሽመጥ ሰዎች ከባሕራቸው የሚያወጡትን ለንግድም ጭምር የማዋል ነባር መብት እንዳላቸው ፈረደ። ባሕሩ የእኛ ነው ብሎ በፍርድ ቤት መርታት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ባሕር ባለቤት የሌለው መረብ ሌት ተቀን ሲያጠምድበት ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው ከመረብ የተሰፋው ኤሊ እንደ ጌጥ ብቻ መታየት የሌለበት። ኤሊው አቤቱታም ነው። ሞናኮና ሲንጋፖር ድረስ የሄደው ክሱን ይዞ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ራሱ የተሠራበት ክር።

በእኔ አስተያየት የዚህ ጥበብ ትልቅነት ሁለቱን አንድ ላይ መሸከሙ ነው፤ ዝክሩንም ክሱንም። አንዱን ትተን ሌላውን ብቻ ብናነሣ ሠሪዎቹን እንበድላቸዋለን። በነገራችን ላይ መረቡ መምጣቱን አልተወም፤ የሰበሰቡትን ያህል የሚቀጥለው ነፋስ ያመጣል። ጥበቡ መረቡን ያስቀራል ብሎ ቃል የገባ ሰው የለም። ሰፊዎቹም ሥራቸው የሚያልቀው ክሩ ሲያልቅ መሆኑን ያውቃሉ፤ ክሩም ቢያልቅባቸው ደስታቸው ነው።

የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።