ጊፋታ፦ የአንድ ቀን ደስታ፣ የአንድ ዓመት ጥሪት

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ መስከረም ሲጠባ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ የምትገኘው ጉኑኖ እንደ ሌላው የወላይታ ምድር ሁሉ ፊቷን ወደ ጊፋታ ታዞራለች። ጊፋታ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። ቃሉ «በኵር»፣ «መጀመሪያ» ተብሎ የሚፈታ ሲሆን ከአሮጌው ዘመን ወደ አዲሱ መሻገርንም ያመለክታል።

በባህሉ መሠረት የጨረቃን ዑደት እየተከታተሉ የዘመኑን መለወጥ የሚያበሥሩት አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። በዓሉ ምንጊዜም እሑድ ይውላል፤ እሑዱም ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ የሚገኘው ነው። መስቀል የሚከበርበት መስከረም 17 የእነዚህ ቀናት እምብርት በመሆኑ ሁለቱ በዓላት ከሦስት ቀን በላይ አይራራቁም። ከሩቅ የሚመለከት ሰው አንዱን የሌላው ቅጥያ አድርጎ ቢቆጥር የማያስገርመውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጊፋታ የራሱ አቈጣጠርና የራሱ ትርጉም ያለው የሕዝብ ቅርስ ነው።

ትርጉሙን ለመረዳት ከሌላው ዓለም ታላላቅ በዓላት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦቭ ስፔን፣ የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሰኞና ማክሰኞ ካርኒቫል የተባለው በዓል ይከበራል። እንደ እኛው ቅበላ ሁሉ ካርኒቫልም ጾም ሳይያዝ የሚበላበትና የሚጨፈርበት የስንብት ደስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 የባርነት ሥርዓት በሕግ ከተሻረ በኋላ የነጻ ወጡት ጥቍሮች በዓሉን የራሳቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1881 የቅኝ ገዢው ፖሊስ ችቦ ይዘው የወጡትን ለመበተን ቢሞክር ከሕዝቡ ጋር ተጋጨ። ካርኒቫል በስንብት ሲታወቅ ጊፋታ ግን በአቀባበል ይታወቃል፤ ከደስታው በኋላ የሚጠብቀው ጾም ሳይሆን አዲስ የሥራ ዘመን ነውና።

ይህ አቀባበል ደግሞ በአንድ ጀንበር የሚዘጋጅ አይደለም። ሴቶች ከየሳምንቱ ቅቤ ላይ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ በዕቁብ ያጠራቅማሉ። ወንዶች ለእርድ የሚሆነውን በሬ በጋራ ለመግዛት ገንዘብ ይቈጥባሉ። ወጣቶች የማገዶ እንጨት ፈልጠው ያደርቃሉ። ከእንሰት ተዘጋጅቶ በቅቤ የሚቀርበው ሙቿም ቢሆን የረጅም ጊዜ ትዕግሥት ውጤት ነው፤ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታልና። ሥጋው፣ ሙቿውና ዳጣው በአንድ ገበታ ሲገናኙ የቀረበው ምግብ ብቻ ሳይሆን የአንድ ዓመት ቍጠባ ጭምር ነው። ወጣቶች በሜዳ ተሰብስበው የሚጫወቱት ጋዚያም ድምቀቱን የሚያገኘው የቤቱ ጓዳ ከሞላ በኋላ ነው።

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚልቀው ግን እርቅ ነው። የተጣላ ሳይታረቅ፣ ባለዕዳም ዕዳውን ሳይከፍል ወይም ቃል ሳይገባ ወደ አዲሱ ዘመን መሻገር እንደ ነውር ይቈጠራል። ሽማግሌዎችም የተቀያየሙትን ፈልገው ያቀራርባሉ።

ይህ ባህል ከባድ ፈተና አልፏል። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ሲወጋ ካዎ ጦና ተማረኩ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ከብቱም በብዛት ተነዳ። ገበታው በከብት ለሚቆም በዓል ከዚህ የከፋ መዓት አይኖርም። ንጉሡ ከዙፋናቸው ቢወርዱም ዘመኑን የሚቈጥሩት ሽማግሌዎች ግን ቍጥራቸውን አላቋረጡም። በ1920 ዓ.ም. የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ወላይታ ከገቡ ወዲህ የሕዝቡ እምነት በእጅጉ ቢለወጥም ጊፋታ የሕዝቡ መታወቂያ ሆኖ ዘልቋል።

ዛሬ በዓሉ በሶዶ ከተማ በአደባባይ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን አደባባዩ የበዓሉ አበባ እንጂ ሥሩ አይደለም። ወላይታ በአገራችን የገጠር ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በጉኑኖም የእርሻው ማሳ ጠብቧል፤ የተዳፋቱ አፈር መሸርሸር አሳሳቢ በመሆኑ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቍሞባት ነበር። ግጦሽ ሲያንስ ላም ታንሳለች፤ ላም ስታንስም ቅቤው ይጐድላል። መሬቱ ከተጐዳ፣ ዕቁቡ ከተበተነና ሽማግሌው ሰሚ ካጣ፣ ዘፈኑ በአደባባይ ቢደምቅም የሚቀረው የጊፋታ ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ የጊፋታ ጥበቃ የሚጀምረው ከመድረኩ ሳይሆን ከእንሰቱ ጓሮ፣ ከቅቤው ዕቁብና ከእርቁ ሸንጎ ነው።