የነፃነት ሁለት ወገን በመተማ

ነፃነት የሚለውን ቃል ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ትርጉሙን ግን በግማሽ ብቻ የያዝን ብዙዎች ነን። ሁለቱንም ወገን የሚያስተምረን አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ በሱዳን ወሰን ላይ የሚገኘው መተማ ነው።

ፊተኛው ወገን የአገር ነፃነት ነው። ኢጣልያ በ1877 ዓ. ም. ምጽዋን ያዘ፤ በ1880 ዓ. ም. ደግሞ የደርቡሽ ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ሕዝብንም ማረከ። በሁለት ጠላት መካከል የቆሙት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ ቈሰሉ፤ በዚያውም ቍስል ሞቱ። ከተማው መተማ ዮሐንስ የተባለው በስማቸው ነው። አገር በባዕድ ፈቃድ እንዳትገዛ ንጉሥ ራሱን እንደሚሰጥ በዚህ ታየ።

ሁለተኛው ወገን የሰው ነፃነት ነው። ከዚህ ጦርነት 27 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1854 ዓ. ም.፥ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በዚያው በመተማ ሲያልፍ ሴቶች ልጆች በባሪያ ነጋድያን እጅ ለሽያጭ ቀርበው አየ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከአገራችን ምድር የተወሰዱ ነበሩ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ አገሪቱ ለባዕድ ያልተገዛች ብትሆን፥ ለእነዚያ ልጆች ነፃነት ምን ነበረ?

ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው በ1876 ዓ. ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል ፈርመዋል። ነገር ግን ውል መፈረም አንድ ነገር ነው፤ በሥራ መግለጥ ሌላ ነው። ባሪያን ነፃ ለማውጣት አዋጅ የወጣው በ1916 ዓ. ም.፥ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረውም በ1934 ዓ. ም. ነው፤ ይኸውም ንጉሡ መተማ ላይ ከወደቁ ከ53 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የአገር ነፃነት አጥር ነው፤ የሰው ነፃነት ግን አጥሩ የሚጠብቀው ቤት ነው። አጥሩ ከፈረሰ ቤቱ ይዘረፋል፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሰው በሕግ ካልተጠበቀ ግን አጥሩ የታጠረው ለማን ነው? የፖለቲካ ነፃነት ማለት እንግዲህ ባዕድ አለመግዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ከሹምም ከባለጠጋም ፈቃድ በላይ ሆኖ ለታናሹ እንደ ታላቁ መሥራቱ ነው።

ስለዚህ መተማን ስታስቡ የወደቁትን ንጉሥ አክብሩ፤ በገበያው የቆመችውንም፥ ስሟ ያልተጻፈውን ልጅ አትርሱ።