የናቡቴ ርስትና የ1967ቱ ዐዋጆች

የናቡቴን ታሪክ (1ኛ ነገ. 21) ስናስተምር በአክዓብ ምኞትና በኤልዛቤል ክፋት ላይ እናተኩራለን። የወይኑ ቦታ የተወሰደበትን መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ደብዳቤ ተጻፈ፤ በንጉሡ ማኅተም ታተመ፤ ጾም ታወጀ፤ ሁለት ምስክሮች ቆሙ። ነጠቃው የሕግ መልክ ነበረው። ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ሲያውጅ ብዙ ሕዝብ በደስታ ተቀበለው። ምክንያት ነበረው። በተለይ በደቡብ ጭሰኛው የላቡን ፍሬ ለባለመሬቱ ይገብር ነበር፤ «መሬት ላራሹ» የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ዐዋጁን ነጠቃ ብቻ አድርገን ብናየው የጭሰኛውን ጩኸት አለመስማት ይሆንብናል። ይሁን እንጂ ያው ዐዋጅ ገበሬው መሬቱን እንዳይሸጥና በዋስትና እንዳያሲዝ ከለከለው። ጭሰኛው ከባለመሬቱ ተላቀቀ እንጂ ባለርስት አልሆነም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና «ትርፍ ቤት» ተወረሰ። ለቦታው ካሳ አልተከፈለም። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ብዙ ሕንፃ የነበረው መስፍንና ሁለተኛ ቤቷን አከራይታ የምትተዳደር መበለት በአንድ ዐዋጅ ተዳኙ። «ትርፍ» የሚለው ቃል ብዙ በደል ሸፈነ፤ ትርፉን የሚለካው ወሳጁ ራሱ ነበርና።

ቀጥሎ የእኛ ተራ ደረሰ። መጋቢት 1969 የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወሰደ። ጥር 1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ይህን ስደት እንተርካለን፤ መተረክም ይገባናል። ነገር ግን አስቀድሞ የመበለቲቱ ቤት ሲወረስ ምን አልን? እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም፤ በአባቶቼ ላይ ለመፍረድ አልጽፍም። የምጽፈው ጥያቄው ዛሬም ስላለ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በልማት ስም ከቤቱ የሚነሣ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ።

ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናት (ዘሌ. 25፥23) ስንል ባለጠጋውን ብቻ ሳይሆን ቤተ መንግሥቱንም እንገድባለን። እንግዲህ «ሕጋዊ ነው ወይ?» ብለን ጠይቀን መቆም አይበቃንም፤ የኢይዝራኤል ሽማግሌዎችም ሕጋዊውን ሥርዐት ፈጽመው ነበር።

ኤልያስ አስቀድሞ ስለ ፈረሱት የእግዚአብሔር መሠዊያዎች አዝኖ ነበር (1ኛ ነገ. 19፥10)። በኋላ ግን ስለ አንድ ሰው የወይን ቦታ ወደ ንጉሡ ተላከ። ስለ መሠዊያችን ማዘኑን እናውቅበታለን፤ ስለ ጎረቤታችን የወይን ቦታ መላክን ግን ገና ልንማር ይገባናል።