መጽሐፍና ክንድ፦ ኮሪያውያን ከገጽ ላይ የተማሩት የፍልሚያ ጥበብ

የሰው ልጅ ክንዱና እግሩ የሚያውቁትን በብዕር ማስፈር ይችላልን? ቢያሰፍረውስ አንባቢው ያለ መምህር ከገጽ ላይ አንሥቶ የራሱ ሊያደርገው ይችላልን? ይህ ጥያቄ ተውኔትንና ውዝዋዜን የሚመለከተውን ያህል ራስን የመከላከልና የፍልሚያ ጥበብንም ይመለከታል። በብዙ አገሮች የዚህ ጥበብ ባለሙያዎች ያወቁትን ጽፈዋል፤ በሥዕልም አስደግፈው አሳትመዋል። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት በጭንቅ ቀን ተስፋውን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ ጥሎ፣ መጽሐፉ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የማይናገረውንም ለመረዳት ሁለት መቶ ዓመት ያህል የደከመበት ታሪክ በኮሪያ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ ቻይና ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቻይናን ምሥራቃዊ ጠረፍ የባሕር ወንበዴዎች ያተራምሱት ነበር። «የጃፓን ወንበዴዎች» ይባሉ እንጂ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ቻይናውያን ነበሩ። ይህን ጥፋት እንዲያስቆም የተላከው የሚንግ ሥርወ መንግሥት የጦር አለቃ ቺ ጂጓንግ፣ በ1559 በዪዉ አውራጃ ከገበሬዎችና ከማዕድን ቆፋሪዎች መካከል አዲስ ጦር መለመለ። ምላሱ የለሰለሰውን ከተሜ ትቶ እጁ የሻከረውን ባላገር መረጠ። በ1560 ደግሞ ሥልጠናውን «ጂሺያዎ ሺንሹ» በተባለ 18 ምዕራፍ ባለው መጽሐፍ አሰፈረ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የጦር፣ የጋሻ፣ የዱላና የሌሎችም መሣሪያዎች አያያዝ ከነሥዕሉ ቀርቧል። የባዶ እጅ ፍልሚያም 32 አቋቋሞች ተዘርዝረዋል። ቺ ጂጓንግ የባዶ እጅ ፍልሚያ በጦር ሜዳ ላይ ብዙ ፋይዳ እንደሌለው ሳይደብቅ ይናገራል፤ ሆኖም እጅና እግርን ለማፍታታትና ጀማሪውን ወደ ጥበቡ ለማስገባት በር ነው ይላል። ለተመልካች ዓይን ብቻ የሚያምረውን፣ ጠላት ፊት ግን የማይረባውን ጌጠኛ እንቅስቃሴ አጥብቆ ይነቅፋል።

ቺ ጂጓንግ በ1588 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1592፣ የጃፓኑ ገዢ የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ጦር በቡሳን ወደብ በኩል ኮሪያን ወረረ። በረጅም ሰላም የተዘናጋው የጆሶን መንግሥት ሠራዊት ይተማመን የነበረው በቀስት ነው። ወራሪው ግን ከሩቅ በነፍጥ፣ ከቅርብ በጎራዴ የሚዋጋ፣ በእርስ በርስ ጦርነት የተፈተነ ኃይል ነበር። ዋና ከተማይቱ ሴኡል በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ተያዘች፤ ንጉሥ ሶንጆም ወደ ሰሜን ጠረፍ ሸሸ። በ1593 መጀመሪያ ለእርዳታ የመጣው የሚንግ ጦር ፒዮንግያንግን ከወራሪው እጅ አስለቀቀ። በዚያ ጦርነት የቺ ጂጓንግን ሥልት የተማሩት የደቡብ ቻይና ወታደሮች ያሳዩት ብቃት የኮሪያን ባለሥልጣኖች አስደነቀ።

ንጉሡ የዚህ ብቃት ምንጭ አንድ መጽሐፍ መሆኑን ሲሰማ፣ መጽሐፉን እንዲያሳየው የሚንጉን አዛዥ ሊ ሩሶንግን ጠየቀ። አዛዡ ግን አላሳየም። ወዳጅም ቢሆን የጦር ጥበቡን በቀላሉ አያካፍልምና። በዚህ ጊዜ ንጉሡ በአስተርጓሚዎቹ በኩል መጽሐፉን ከአዛዡ ሰዎች በስውር አስገዛ። መጽሐፉ በእጅ ገባ። ችግሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

የአገሪቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን ዩ ሶንግ ርዮንግ ሊቅ ነበር፤ የኮሪያ ሊቃውንትም የቻይናን ፊደል ከልጅነታቸው ጀምረው የተማሩ ናቸው። ሆኖም ቃሉን ማንበብና ነገሩን ማወቅ ለየቅል ሆኑ። ሥዕሉ አንድን አቋቋም ያሳያል፤ ቀጥሎም ሌላውን ያሳያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገሩ ግን አያሳይም። ጥበቡ ያለው ደግሞ በመሸጋገሪያው ላይ ነው። በአገራችን የዜማ ትምህርት ይህን የሚመስል ነገር አለ፤ ምልክቱ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለሰማ ደቀ መዝሙር ማስታወሻ ነው፤ ላልሰማው ግን ጭረትና ነጥብ ብቻ ነው። የቺ ጂጓንግ መጽሐፍም የተጻፈው ሥራውን በዓይናቸው ላዩ አሠልጣኞች ስለነበር፣ እነርሱ የሚያውቁትን ደግሞ መጻፍ አላስፈለገውም።

ይህን ቋጠሮ እንዲፈታ ሀን ክዮ የተባለ ሊቅ ተመደበ። ሀን ክዮ መጽሐፉን ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም፤ ወደ ሚንግ ወታደሮች ሰፈር ሄደ። ያልገባውን ጠየቀ፤ እንዲያሳዩት አደረገ፤ የተመለሰለትንም ጻፈ። የድካሙ ፍሬ የሆነው «ሙዬ ጄቦ» በ1598 ተፈጸመ። መጽሐፉ ስድስት የመሣሪያ ዓይነቶችን ይዟል፤ እነርሱም ዱላ፣ የሐረግ ጋሻ፣ ቅርንጫፉ ያልተመለመለ የቀርከሃ ጦር፣ ረጅም ጦር፣ ባለ ሦስት ጣት መንሽና ረጅም ጎራዴ ናቸው። ሀን ክዮ ከቻይናው መጽሐፍ የጎደለውን በሦስት መንገድ ሞላ። አቋቋሞቹን በተርታ አያይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄድ ሰንሰለት አደረጋቸው። ተለማማጁ በመሬቱ ላይ ወዴት እንደሚራመድና ወዴት እንደሚዞር የሚያሳይ ንድፍ አከለ። ከሁሉም በላይ፣ ጽሑፉን በሕዝቡ ቋንቋና በኮሪያ ፊደል በሃንጉል ተረጐመ።

የመጨረሻው እርምጃ ቀላል አልነበረም። የቻይና ፊደል የባላባቱ መለያ፣ ሃንጉል ደግሞ ተራው ሰው የሚጠቀምበት ፊደል ተብሎ የሚናቅበት ዘመን ነበር። ይሁንና በ1593 የተቋቋመው የጦር ማሠልጠኛ ክፍል ወታደሮች የመጡት ከባላባቱ እልፍኝ አይደለም። በጦርነትና በረኀብ የተጎዱ፣ የሩዝ ድርጎ ለማግኘት ሲሉ የተመዘገቡ ተራ ሰዎች ነበሩባቸው፤ ከባድ ድንጋይ በማንሣትና ግንብ በመዝለል እየተፈተኑ ነፍጠኛ፣ ቀስተኛና የጨበጣ ተዋጊ በመሆን በሦስት ተከፈሉ። እነዚህን ለማስተማር የሚረዳ መጽሐፍ በእነርሱ ቋንቋ መናገር ነበረበት።

ሰላም ሲመለስ ጥበቡ መሳሳት ጀመረ። ከ1674 እስከ 1720 በነገሠው በሱክጆንግ ዘመን ኪም ቼጎን የተባለ ቀልጣፋ ወታደር የጃፓንን የጎራዴ አያያዝ ተምሮ ለጓዶቹ አስተማረ። ካስገባቸው አራት የአያያዝ ስልቶች መካከል ግን በሠራዊቱ ልምምድ ጸንቶ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት በመካከል ተረሱ። በ1759 አልጋ ወራሹ ሳዶ በሀን ክዮ ስድስት ዓይነቶች ላይ የባዶ እጅ ፍልሚያን ጨምሮ 12 አክሎ 18 የያዘውን «ሙዬ ሺንቦ» አሠራ። ሳዶ ራሱ ግን በ1762 በአባቱ በንጉሥ ዮንግጆ ትእዛዝ በሩዝ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት በስምንተኛው ቀን ሞተ።

በ1776 የነገሠው የሳዶ ልጅ ጆንግጆ የአባቱን ሥራ ከግብ ለማድረስ ቆረጠ። በ1790 የተፈጸመው «ሙዬ ዶቦ ቶንግጂ» ስድስት የፈረሰኛና የፈረስ ጨዋታ ዓይነቶች ተጨምረውበት 24 ዓይነቶችን ይዟል። ሥራው ለሦስት ሰዎች ተሰጠ። ዪ ዶክሙና ፓክ ጄጋ በንጉሡ ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግሉ ሊቃውንት ነበሩ። ሁለቱም ከሕጋዊ ሚስት የትውልድ ሐረግ ባለመሆናቸው የዘመኑ ሥርዓት ወደ ከፍተኛ ሹመት የሚወስደውን መንገድ የዘጋባቸው ናቸው። ሦስተኛው ቤክ ዶንግሱ ወታደር ነው። ሊቃውንቱ ከመቶ የሚበልጡ መጻሕፍትን አገላብጠው ሲጽፉ፣ ቤክ ዶንግሱ የተጻፈውን ከሠለጠኑ ወታደሮች ጋር በተግባር ይፈትን ነበር። ብዕርና ክንድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኙ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነጥብ አዘጋጆቹ ያገኙት ውጤት ነው። አንዱ ጦር ሰፈር የሚሠራው ከሌላው ጦር ሰፈር ጋር እንደማይመሳሰል ተረዱ፤ ልዩነቱንም በሰንጠረዥ አስፍረው ለእርማት አቀረቡ። የባዶ እጁን ፍልሚያ ከጥንቱ ከቺ ጂጓንግ መጽሐፍ ጋር ሲያስተያዩት፣ ከ32ቱ አቋቋሞች አንዳንዶቹ ከወታደሩ ልምምድ ወድቀው መቅረታቸውን አዩ፤ ከመጽሐፉም ወስደው መለሷቸው። በ1593 መጽሐፉ የጎደለውን የሞላው ሕያው ሰው ነበር፤ በ1790 ደግሞ ሕያው ሰው የረሳውን ያስታወሰው መጽሐፍ ሆነ። ለተራው ወታደርም አንድ ሙሉ ጥራዝ በሃንጉል ተዘጋጀለት።

ዘመናዊ መሣሪያ ሲመጣ አሮጌው ማሠልጠኛ ክፍል በ1882 ፈረሰ፤ የኮሪያን ሠራዊትም ጃፓን በ1907 በተነችው። መጽሐፉ ግን ቀረ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኮሪያውያን እንደገና ገልጠው 24ቱን ዓይነቶች ለማስነሣት ሞከሩ፤ ጆንግጆ ባሠራው በሱዎን ምሽግም ለሕዝብ ትርዒት ማሳየት ጀመሩ። በ2017 መጽሐፉ በሰሜን ኮሪያ አቅራቢነት በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ሰፈረ። በዚህ መካከል ይህን መጽሐፍ የቴኳንዶ ቀጥተኛ አባት ለማድረግ የሞከሩም አልታጡም። ነገር ግን ቴኳንዶ ስሙን ያገኘው በ1955 ነው፤ አብዛኛው መሠረቱም ከጃፓን ካራቴ የመጣ ነው። የሕዝብን ኩራት ያልሆነውን ነበር በማለት መገንባት፣ ቺ ጂጓንግ የነቀፈውን ጌጠኛ እንቅስቃሴ በታሪክ መስክ መድገም ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ለመረዳት እንደሚቻለው መጽሐፍ ብቻውን ክንድን አያሠለጥንም፤ ክንድም ብቻውን ጥበብን ለትውልድ አያስተላልፍም። ሀን ክዮ መጽሐፉ በገባበት ቀን እንደማያውቅ ተቀብሎ ወደ ወታደሮቹ ሰፈር ባይወርድ ኖሮ፣ በስውር የተገዛው መጽሐፍ በቤተ መንግሥት መደርደሪያ ላይ በስውር በቀረ ነበር። ወታደሮቹ ያወቁትም ባይጻፍ ኖሮ ከእነርሱ ጋር በተቀበረ ነበር። የአዛውንት እጅ ገና የሚያውቀው፣ ወረቀት ግን ያላየው ሙያ ባለበት አገር ሁሉ ጠያቂውና ጸሐፊው ሊዘገዩ አይገባም።