የላዳ ታክሲ እርጅና በትንሽ ሚዛን

አንድን ተሽከርካሪ በተወሰነ ልኬት አሳንሶ የሚሠራው የሞዴል ጥበብ ለረጅም ጊዜ ያሳይ የነበረው ከፋብሪካ የወጣውን አዲስ መኪና ብቻ ነበር። አቧራን፣ ዝገትንና ጭረትን በቀለም ማስመሰል የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ቀደም ብለው ከሠሩበት መካከል በካሊፎርኒያ አነስተኛ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ይታወቅ የነበረው ጆን አለን ይገኝበታል፤ ኋላም አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይንና ቤልጂጋዊው ፍራንስዋ ፈርሊንደን ዘዴውን ለብዙዎች አስተማሩ።

በአዲስ አበባ በመስቀል ፍላወርና በካዛንቺስ መንገዶች ለዓመታት ሲመላለስ የኖረው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ለዚህ ጥበብ ተስማሚ ርዕሰ ጉዳይ ነው። መኪናው ከፊያት 124 የተወለደ ሲሆን፣ የሶቪየት ኅብረት መንግሥት ከጣሊያኑ ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ተዋውሎ፣ ላሜራውን አወፍሮና ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በ1970 ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያው ላዳ 4.07 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ በ1፡43 ሚዛን 9.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በእውነተኛው በር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጭረትም ወደ 0.23 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ይህን ሳያሰላ በወፍራም ብሩሽ የሚጭር ሰው የመኪናውን መጠን ያበላሸዋል።

የአውሮፓን መመሪያ እንዳለ መገልበጥም ያሳስታል፤ እዚያ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናውን ሥር ፈጥኖ ስለሚበላው ሞዴሎች በዝገት ይሞላሉ፣ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ቀለሙን ይበልጥ የሚጎዳው ኃይለኛው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ሰማያዊው በኮፈኑ ላይ ከጎኖቹ ይልቅ መፍዘዝ አለበት። ቀለሙ የተላጠበትን ለማሳየት፣ መጀመሪያ የስቱኮን ግራጫ (ስቱኮ የተቀጠቀጠ ላሜራ የሚስተካከልበት ሙሊት ነው) ቀብቶ ማድረቅ፣ የጸጉር ስፕሬይ መንፋት፣ ከዚያም በውሃ የሚሟሟ ሰማያዊ ቀለም ደርቦ፣ ቀለሙ ሲደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማሸት ያስፈልጋል፤ ከሥር ያለው ስፕሬይ በውሃ ሲላላ የላዩ ቀለም በየቦታው ይነሣል። የት እንደሚነሣ የሚወስነው የሰው እጅ ነው፦ መሪው በግራ በኩል ስለሆነ የሹፌሩ ክንድ የሚያርፍበት የበሩ ጠርዝ፣ ተሳፋሪ ደግሞ ወደ እግረኛ መንገዱ ስለሚወርድ የቀኙ የኋላ በር እጀታ ዙሪያ።

የክረምቱ ጭቃ ለብቻው ይታያል። ጎማው የሚረጨው ከፓራፋንጎው ኋላ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ደቃቅ የቀለም ዱቄት በዚያ መስመር ብቻ ይጣበቃል፤ አዘውትሮ በጨርቅ በሚታጠብ ታክሲ ላይ ግን ጭቃው ከጠፍጣፋው ገጽ ተጠርጎ፣ ጨርቅ በማይደርስበት የበርና የፓራውልት ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል።